ደብረ ማርቆስ ያለ የጫጩት ቤት፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ሆነ፣ በምንስ ተስተካከለ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር ያለ የጫጩት ማሳደጊያ ነው። ባለቤቷ፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ የአንድ ቀን ጫጩት ከቢሾፍቱ በኩል ያስመጡና 45 ቀን አሳድገው ለአካባቢው ገበሬና ለከተማው ሰው ይሸጣሉ፣ በአንድ ዙር 500 ገደማ። ጫጩት አሳድጎ የማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቤቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ከዛ በየሳምንቱ ወደ ሦስት ዲግሪ እየቀነሱ ብርዱን ማለማመድ ነው። ማርቆስ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ክረምት ላይ በጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ሌሊት ሰውን ራሱ ጋቢ ያስደርባል። ስለዚህ ማሞቂያው መቼ ይብራ መቼ ይጥፋ የሚለውን ሌሊቱን ሙሉ የሚከታተል ነገር የግድ ያስፈልጋል፣ ድሮ ይሄን ስራ የሚሰሩት ከሰልና ዘበኛው ነበሩ።

እትዬ ይሄን ለመቀየር ነው ስማርት እቃ ያስገቡት። አንድ ባለሙያ መጥቶ ባለ 250 ዋት ኢንፍራሬድ አምፖል አራት ሰቀለላቸው፣ ሁለት ሁለቱን በአንድ ስማርት ሶኬት፣ ለማራገቢያው ሦስተኛ ሶኬት፣ አንድ የዋይፋይ ሙቀት መለኪያ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር፣ እና ሁሉንም ስልካቸው ላይ በአንድ አፕ አገናኝቶ ሄደ። ሰርቷል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። እትዬ ቤታቸው ቁጭ ብለው ስልካቸው ላይ ዲግሪውን ያያሉ፣ ከ32 ሲወርድ አምፖሉ ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ በዛ ላይ ዘበኛው ጋሼ ሌሊት ሌሊት ከሰል ከማቀጣጠል ተገላግለዋል።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። የተቋረጠው ከሰዓት በኋላ ፀሀይ ወጥታ ቆርቆሮው ሞቆ አምፖሎቹ ጠፍተው በነበረበት ሰዓት ስለነበር ሶኬቶቹ እንደጠፉ ቀሩ፣ መብራት አልሄደም፣ ራውተሩ በርቷል፣ ዋይፋዩም አለ፣ ግን አብራ የሚላቸው ጠፋ። ሌሊት ላይ ጋሼ የጫጩት ጩኸት ሰምተው ሲገቡ አምፖሎቹ ጨለማ ናቸው፣ ጫጩቶቹ አንዱ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ብርድ የገባው ጫጩት እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ሙቀት ፍለጋ አንዱ ሌላው ላይ ይወጣል፣ ከስር ያለው ታፍኖ ይሞታል፣ እና ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ሳይሆን መታፈኑ ነው። ጋሼ በእጃቸው በታተኗቸው፣ ከሰል ደጅ አቀጣጥለው ጭሱ ሲያልቅ አስገቡ፣ ሶኬቱ ላይ ተጭኖ የሚያበራ ቁልፍ እንዳለ ግን ማንም አልነገራቸውም ነበር፣ ሶኬቶቹም ከፍ ብለው ግድግዳ ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። ጠዋት የሞቱት በጆንያ ነው የወጡት።

ከዛ በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ያለው አንድ ነገር ነው፣ ‹ይሄ የስማርት ነገር ለኛ ሀገር አይሆንም፣ ኢንተርኔት በሌለበት ምን ያደርጋል›። እኔን የጠሩኝ ደግሞ ሁሉንም ነቅዬ እንድወስድላቸው ነበር፣ እትዬ ‹ልጄ፣ ዓይኔ እንዳያየው› ነው ያሉኝ። የሰፈሩ ሰው አባባል ግማሹ ልክ ነው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ግን እሱ ነው ዋናው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሙቀት መለኪያ እዛው ክፍል ውስጥ ያለ አምፖል ለማብራት ኢንተርኔት ለምን ያስፈልገዋል? በመለኪያውና በሶኬቱ መሀል አራት እርምጃ አይሞላም። ግን መለኪያው የለካውን ውጭ ሀገር ወዳለ የኩባንያው ሰርቨር (ማእከላዊ ኮምፒውተር) ይልካል፣ ‹ከ32 ሲወርድ አብራ› የምትለዋ ትእዛዝ የተቀመጠችው እዛ ነው፣ ሰርቨሩ አይቶ ወስኖ ተመልሶ ለሶኬቱ ይነግረዋል። እትዬ ስልካቸው ላይ የፃፉት ህግ ስልካቸውም ላይ ማርቆስም ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሰው ሁሌ የሚሳሳተው ነገር አለና ትንሽ ልቆይበት። ካርቶኑ ላይ ‹ዋይፋይ› ተብሎ ተፅፏል፣ ዋይፋይ ደግሞ ክፍት ስታንዳርድ ነው፣ ማለትም የተለያየ አምራች የሚከተለው የጋራ ደንብ፣ ከማንም ኩባንያ የተገዛ ራውተር ከማንም ስልክ ጋር የሚግባባው ለዛ ነው። ስለዚህ ሰው ‹ዋይፋይ ካለው ከሁሉም ጋር ይሰራል› ይላል። አይሰራም። ዋይፋይ መስመሩ ብቻ ነው፣ ሁለት ሰዎች ስልክ ተደዋውለው አንዱ አማርኛ ሌላው አውኛ ብቻ ቢያወሩ መስመሩ ጥራት ቢኖረውም አይግባቡም። መስመሩ ላይ የሚነገረው ነገር፣ ማለትም ሙቀቱ ስንት ነው፣ አብራ፣ አጥፋ፣ አለሁ፣ የሚሉት መልእክቶች በዚህ እቃ ላይ የኩባንያው የግል ነገር ናቸው፣ ተመስጥረው ወደራሱ ሰርቨር ብቻ ነው የሚሄዱት። ቤቱ ውስጥ ላፕቶፔን ዋይፋዩ ላይ አገናኝቼ ሳይ ሦስቱም ሶኬቶች ኔትወርኩ ላይ አሉ፣ ፒንግ ሲደረጉ፣ ማለትም አላችሁ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ይመልሳሉ፣ ከዛ ውጭ ግን አብራ ብዬ የምነግራቸው በር የለም።

ለእትዬ ሦስት መንገድ ነበር ያቀረብኩት። አንደኛው ሌላ ኢንተርኔት መፈለግ ነው፣ ይሄን ወዲያው ነው የጣልነው፣ ምክንያቱም ኢንተርኔቱ ቢመለስ እንኳ ሰርቨሩ የሰው ነው፣ ባለቤቱ ሲፈልግ ይዘጋዋል። ይሄ የታየ ነገር ነው፣ ሬቮልቭ የሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ በፈረንጆች 2016 ግንቦት ላይ ሰርቨሩ ሲዘጋ ሰዎች በገንዘባቸው የገዙት እቃ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቀርቷል፣ ኢንስቲኦንም በ2022 ሚያዝያ ላይ ሰርቨሮቹ በድንገት ጠፍተው ደንበኞቹ ግራ ተጋብተው ነበር። የእነዛ ሰዎች ችግር የኢንተርኔት መቋረጥ አልነበረም። ሁለተኛው መንገድ ሁሉንም ነቅሎ ተራ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን አይቶ ራሱ የሚያበራና የሚቆርጥ ማብሪያ፣ ማስገባት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እና ለአምፖል ብቻ ከሆነ በቂ ነው ብዬ በግልፅ ነግሬያቸዋለሁ። ግን እትዬ በየሳምንቱ ዲግሪው ራሱ እንዲቀንስላቸው፣ ማራገቢያው እንዲታዘዝ፣ ችግር ሲፈጠር ጋሼን የሚቀሰቅስ ነገር እንዲኖር ይፈልጋሉ፣ ይሄን ቴርሞስታት አይሰራም። ሦስተኛው እቃዎቹ ክፍት በሆነ ስታንዳርድ እዛው ቤት ውስጥ እንዲነጋገሩ ማድረግ ነው። ሦስተኛውን መረጥን፣ ቴርሞስታቱንም እንደ መጨረሻ ዘብ አስቀረነው፣ ወደሱ እመለሳለሁ።

እቃዎቹ የሚነጋገሩበት የመሀሉ ቋንቋ ኤምኪውቲቲ ነው። አንዲ ስታንፎርድ ክላርክ እና አርለን ኒፐር የሚባሉ ሰዎች በፈረንጆች 1999 የሰሩት ነው፣ የተሰራው ለምን እንደሆነ ማወቅ ደስ ይላል፣ የነዳጅ ቧንቧ በሳተላይት ለመከታተል ነው፣ መስመሩ ቀጭን፣ ውድ እና የሚቆራረጥ ስለነበር መልእክቱ ትንሽ እንዲሆን፣ መስመር ሲጠፋም እንዲችለው ተደርጎ ነው የተነደፈው። ከቆይታ በኋላ ኦአሲስ በሚባለው ድርጅት በኩል በ2014 ስታንዳርድ ሆነ፣ በ2016 ደግሞ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአይኤስኦ ስታንዳርድ። አሰራሩ ቀላል ነው፣ መሀል ላይ ብሮከር የሚባል ፕሮግራም ይቀመጣል፣ መለኪያው ‹ጫጩት ቤት/ሙቀት› በሚል ርእስ 31 ብሎ ይልካል፣ ያን ርእስ የሚከታተል ሁሉ ይደርሰዋል። መለኪያው ማን እንደሚያዳምጠው አያውቅም፣ አዳማጩም መለኪያው ከየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ግድ የለውም።

ብሮከሩን ያስቀመጥነው ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ብዙ ሰው ለዚህ ስራ ራስፕበሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽዬ ኮምፒውተር ይመክራል፣ እኔ ግን ለኛ ሁኔታ አሮጌ ላፕቶፕ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለሁለት ነገር። መብራት ሲሄድ የራሱ ባትሪ አለው፣ ፓዩ ግን በድንገት ሲጠፋ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛው ሰዓት ነው፣ ፓይ 4 ድረስ ያሉት መብራት ሲጠፋ የሚቀጥል የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፣ ሲበሩ ሰዓት የሚጠይቁት ኢንተርኔትን ነው፣ ኢንተርኔት ከሌለ የተሳሳተ ቀን ይዘው ይነሳሉ። የኛ ህግ ደግሞ ጫጩቶቹ ስንተኛ ሳምንታቸው ላይ እንደሆኑ እየቆጠረ ዲግሪ የሚቀንስ ስለሆነ ቀኑ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። ላፕቶፑ ላይ ሞስኪቶ የሚባለውን ብሮከር እና ሆም አሲስታንት የሚባለውን መቆጣጠሪያ ጫንን፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ኢንተርኔት ስለሌለ ግን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ሙሉ ፋይሉን ሀርድ ዲስክ ላይ አድርጎ በሰው ነው የላከልኝ። ብሮከሩ ላይ የይለፍ ቃል አድርጉ፣ ቤት ውስጥ ስለሆነ ግድ የለም እንዳትሉ።

ሶኬቶቹን መጣል አልፈለግንም፣ ገንዘብ ወጥቶባቸዋል። ከመብራት ተነቅለው ሲከፈቱ ሁለቱ ውስጥ ያለው ቺፕ ኢኤስፒ8266 ሆኖ ተገኘ፣ ይሄ ቺፕ ታስሞታ የሚባል ክፍት ፕሮግራም ይቀበላል፣ ቺፑን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ የ3.3 ቮልት የሲሪያል አስማሚ አዲሱን ፕሮግራም ጫንንባቸው እና ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ኤምኪውቲቲ ይናገራሉ። (ሶኬቱ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይሄን የሚሞክር ሰው 220 ቮልት ነው የሚይዘው፣ በፍፁም አይደረግም።) ሦስተኛው ሶኬት ካርቶኑ፣ ቀለሙ፣ የሞዴል ቁጥሩ ሁሉ አንድ ሆኖ ውስጡ ሌላ ቺፕ ነው ያለው፣ ታስሞታ አይቀበልም። ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ሰው አይቶ የሚገዛበት ምንም ምልክት የለም። ለዚህ ነው ዝግ እቃ ገዝቶ እከፍተዋለሁ ማለት እንደ ዘዴ የማልመክረው፣ ከጅምሩ ክፍት የሆነውን መግዛት ነው።

ለመለኪያዎቹ ዚግቢ ወሰድን። ዚግቢ አይ ትሪፕል ኢ 802.15.4 በሚባል የሬዲዮ ስታንዳርድ ላይ የቆመ፣ ትንሽ ባትሪ የሚበላ፣ እቃዎቹ እርስ በርስ መልእክት የሚቀባበሉበት ስታንዳርድ ነው፣ የድርጅቱ ስም ድሮ ዚግቢ አሊያንስ ነበር፣ በፈረንጆች 2021 ኮኔክቲቪቲ ስታንዳርድስ አሊያንስ ሆኗል። ከላፕቶፑ ጋር የምታገናኘው ትንሽ የዩኤስቢ ዶንግል ናት፣ ኩባንያ አይመርጥም፣ ዚግቢ ቱ ኤምኪውቲቲ የሚባል ክፍት ፕሮግራም የዚግቢውን መልእክት ወደ ብሮከሩ ይተረጉማል። ሦስት መለኪያ አስገባን፣ ከሰጋቱራው ትንሽ ከፍ አድርገን ጫጩቱ ጀርባ ልክ ላይ፣ የድሮው የተሰቀለው በሰው ዓይን ልክ ስለነበር የሚለካው ጫጩቱ የሌለበትን አየር ነበር። ህጉ የሦስቱን መሀለኛ ቁጥር ነው የሚወስደው፣ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ያርሙታል።

ሲግናሉ መጀመሪያ አስቸገረ። ጫጩት ቤቱና ላፕቶፑ ያለበት የጋሼ ክፍል መሀል የወንፊት ሽቦ አለ፣ የዚግቢ ሞገድ 12.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ቀዳዳው ከዛ በጣም ያነሰ የብረት ወንፊት ሲያጋጥመው አብዛኛው አያልፍም። ከጭቃው ግድግዳ ይልቅ ያስቸገረን ወንፊቱ ነው። መፍትሄው ማራገቢያው ላይ የዚግቢ ሶኬት ማድረግ ሆነ፣ መብራት ላይ የተሰካ የዚግቢ እቃ ለሌሎቹ መልእክት ያቀብላል፣ ከወንፊቱ ወዲህ በር አጠገብ ሰካነው፣ በዛውም ያ የማይከፈተው ሦስተኛ ሶኬት ተተካ። ዶንግሏን ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ከመሰካት በዩኤስቢ ገመድ ራቅ አደረግናት፣ ዩኤስቢ 3 የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድን ይረብሻል። ራውተሩን ቻናል 1 ላይ፣ ዚግቢውን 25 ላይ፣ እንዳይጋጩ።

አሁን ወደ ደህንነቱ። እያንዳንዱ ነገር ቢሞት ምን ይሆናል ብለን አንድ በአንድ ሄድንበት። ላፕቶፑ ቢሞት፣ ታስሞታ ላይ ‹ብሮከሩ ከጠፋብህ አምፖሉን አብራ› የሚል ህግ ሶኬቱ ውስጥ ራሱ ተፅፏል፣ እንዳይቃጠሉ ደግሞ ያ ተራ ቴርሞስታት በሽቦ ከአምፖሎቹ ጋር ተከታታይ ሆኖ ገብቷል፣ ከ36 ሲያልፍ ማንንም ሳይጠይቅ ይቆርጣል። መብራት ቢሄድ ደግሞ ኤምኪውቲቲ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ፣ አንድ እቃ ብሮከሩ ጋር ሲገናኝ ‹ድንገት ከጠፋሁ ይሄን መልእክት ላክልኝ› ብሎ እንደ ኑዛዜ ያስቀምጣል። መብራት ሲሄድ ሁለቱም ሶኬቶች ዝም ይላሉ፣ ብሮከሩ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ኑዛዜያቸውን ያነባል፣ ላፕቶፑ በባትሪው በስፒከሩ ይጮሀል። ለጋሼ የማንቂያ ድምፅ ብንሞክር ‹መኪና መስሎኝ› አሉ፣ ስለዚህ እትዬ በራሳቸው ድምፅ ቀዱት፣ ‹ጋሼ ይነሱ፣ መብራት ሄዷል፣ ከሰሉን ያቀጣጥሉ›። ለብርዱ ሌላ፣ ለሙቀቱ ሌላ። ራውተሩን በ12 ቮልት ባትሪ ደገፍነው።

ካለቀ በኋላ ፈተናው እትዬና ጋሼ ፊት ነበር። ሲሙን ከራውተሩ አወጣሁት፣ መለኪያዎቹን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝናቸው፣ አምፖሎቹ በሩ። ላፕቶፑን ዘጋሁት፣ አምፖሎቹ በሩ። ቆጣሪውን አጠፋነው፣ የእትዬ ድምፅ ከጋሼ ክፍል መጣ። እትዬ ‹እንግዲህ አሁን ነው የኔ የሆነው› አሉ። የሞባይል ዳታው ለወራት ሳይመለስ ቆየ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ የገቡት ጫጩቶች በዚህ ነው ያደጉት፣ መብራት በሄደ ቁጥር ጋሼ ከሰሉን ይዘው ሲገቡ ቤቱ ገና ሞቃት ነው። መብራት መሄዱን ስታንዳርድ አያስቀረውም፣ እሱን ማንም እንዳያስብ።

‹ማተር የሚባለውስ?› የሚለኝ ሰው ይኖራል። ማተር አማዞን፣ አፕል፣ ጎግልና ዚግቢ አሊያንስ በፈረንጆች 2019 ታህሳስ ላይ አብረን እንሰራለን ብለው የጀመሩት የስማርት እቃ ስታንዳርድ ነው፣ የመጀመሪያው እትም በ2022 ጥቅምት ወጣ፣ ሀሳቡ በጣም ትክክል ነው፣ እቃው በአይፒ፣ ማለትም ዋይፋይም ኢንተርኔትም በሚጠቀሙበት የአድራሻ ስርዓት፣ እዛው ቤት ውስጥ ይታዘዛል፣ አንድ ሶኬት በአንድ ጊዜ ከተለያዩ ኩባንያዎች መቆጣጠሪያ ጋር መስራት ይችላል፣ ለእለት ተእለት ስራም የአምራቹ ሰርቨር አያስፈልገውም። ያን ጊዜ ያልገባንበት እቃው ገበያ ላይ በቀላሉ ስላልነበር ነው፣ መጀመሪያ ሲመዘገብ ደግሞ በየትኛው አፕ እንደምታስገባው ይለያያል፣ ኢንተርኔት የሚጠይቅ አለ። እትዬ ሁለተኛ ቤት ሊሰሩ ነው፣ ለሶኬቶቹ ማተርን እናያለን፣ ግን ሻጩ ሱቁ ውስጥ ራውተሩን ከኢንተርኔት ነቅሎ አብርቶ አጥፍቶ ካላሳየ አንገዛም፣ ይሄን እትዬ ራሳቸው ነው ለነጋዴው በስልክ የነገሩት።

ገና ያልተፈታ ነገር አለ። የመለኪያዎቹ ክብ ባትሪ ማርቆስ ላይ ሁሌ አይገኝም፣ ሲገኝም አንዳንዱ ቆሞ የከረመ ነው፣ የሰጋቱራው አቧራ መለኪያዎቹን ስለሚደፍናቸው በየዙሩ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ አለባቸው። ሌላው የሚያሳስበኝ እኔ ብታመም ወይ ከተማ ብለቅ ማን ይይዘዋል የሚለው ነበር፣ ለዚህ ርእሶቹን፣ አድራሻዎቹን፣ ህጎቹን ሁሉ በአማርኛ ደብተር ላይ ፅፌ ለእትዬ ሰጠኋቸው፣ የይለፍ ቃሉን ለብቻው። ባለፈው የእህታቸው ልጅ፣ ኤሌክትሪካል የተማረ ልጅ ነው፣ ደብተሩን ይዞ ቁጭ ብሎ ኢኤስፒ32 የሚባል ቺፕ ላይ ተንሳፋፊ ማብሪያ አድርጎ የውሀ ሮቶው ሲጎድል የሚናገር ነገር ሰርቶ ብሮከሩ ላይ አገናኘው። እኔን አልጠየቀም፣ የማንንም ኩባንያ ፈቃድ አልጠየቀም፣ የሰማሁት እትዬ ለሮቶው ሌላ ድምፅ ልቅዳ ወይ ብለው ሲደውሉልኝ ነው።